የእናቴ ጽጌረዳና ነጩ ዱቄት

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እኔ አይደለም። «እሷስ እንዴት ናት?» ትላለች። እሷ ማለት ጽጌረዳዋ ናት። በላህ ወይ፣ ደመወዝ ገባ ወይ፣ ያ ሳልህ ተወህ ወይ የሚለው ከአበባዋ በኋላ ነው የሚመጣው።

ካዛንቺስ የነበረውን ግቢያችንን የሚያውቅ ሰው ይረዳታል። ግቢ ስል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። አራት አባወራ የሚጋራው፣ አንድ ቧንቧ ያለው፣ ልብስ ሲሰጣ ጎንበስ ብለን የምናልፍበት ጠባብ ቦታ ነበር። ከቧንቧው አጠገብ ግን አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ነበረች። እናቴ እኔን በወለደችበት ዓመት ከጎረቤት ቆርጣ የተከለቻት፣ እኩያዬ ማለት ናት። የሰፈሩ ስም፣ እንደሚታወቀው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባል የጣሊያን ተቋም የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። እኛ የኖርነው ግን በረንዳ ባላቸው በእነዚያ ቤቶች ሳይሆን ከጀርባቸው በነበሩት የጭቃ ቤቶች ነው።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ቤታችን ፈረሰ። እናቴ የደረሳት ቤት ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን ሶፋው ሳይሆን ጽጌረዳዋ ናት ያስጨነቀቻት። ሥሯን ከነአፈሩ ቆፍረን በማዳበሪያ ጠቀለልናትና ቂርቆስ፣ እኔ የተከራየሁበት ግቢ ወረደች። አከራዬ እማማ፣ ሁላችንም ተከራዮች እማማ ነው የምንላቸው፣ ከኮክ ዛፋቸውና ከዱባቸው መሀል፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ቦታ ሰጡን። እናቴ ስትሄድ «አደራ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

አደራውን በመጀመሪያው ክረምት ነው ያበላሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ጽጌረዳ አንድም ነገር ስለማላውቅ ዩቲዩብ ከፍቼ አየሁ። በአማርኛ የተተረጎመ ቪዲዮ ነበር፤ «ጽጌረዳ የሚገረዘው በክረምት ነው» ይላል። እኔም በሐምሌ መቀስ ይዤ ወጣሁ። እንደ ሠለጠነ ሰው ቆራረጥኳት። ተርጓሚው «ክረምት» ያለው የእነሱን የበረዶ ወር እንደሆነ ማን ይንገረኝ? አውሮፓ ውስጥ በዚያ ወቅት ጽጌረዳ ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች፣ ሻጋታውም አብሯት ያንቀላፋል፤ አትክልተኛው ያኔ ይቆርጣል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ አዲስ አበባ ቀን ከሌት በምትርስበት ጊዜ፣ በየዘንጓ ላይ እርጥብ ቁስል ከፈትኩባት ማለት ነው። ጫፎቿ ወደ ታች እየጠቆሩ ደረቁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ጠርዛቸው የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ዙሪያው ቢጫ ሆነ፣ ቅጠሉ ረገፈ። ለእናቴ «ደህና ናት» አልኳት።

መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ አገገመች። አዲስ ቀንበጥ አወጣች፣ ደስ አለኝ። ወርኀ ጽጌ ገባ። በአበባው ወር አበባ አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቅጠሎቿ ነጣ ማለት ጀመሩ።

አልደነገጥኩም። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ያልነጣ ነገር አልነበረም። ዙሪያው ይቆፈራል፣ ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ጫማው፣ መኪናው፣ የተሰጣው አንሶላ ሁሉ አቧራ ለብሷል። ሲሚንቶ ነው ብዬ ማታ ከሥራ ስገባ በሃይላንድ ውሃ አጠብኳት። ጸዳች። በሦስተኛው ቀን ነጩ ተመለሰ። እንደገና አጠብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጥብ የነበረው ሻጋታ መሆኑ የገባኝ ለጋ ቅጠሎቹ እንደ ወረቀት ሲጠቀለሉና እምቡጡ ሳይፈነዳ አንገቱ ሲጣመም ነው።

ግንባታ አጠገብ የምትኖሩ ሰዎች ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ። አቧራ ቅጠል አይመርጥም፤ ላይኛው ገጽ ላይ እኩል ይነሰነሳል፣ በጣት ሲጠረግ በዚያው ይቀራል። ሻጋታው ግን ለጋውን ነው የሚወደው። በክብ በክብ ይጀምራል፣ በቅጠሉ ሥር በኩልም ይገኛል፣ የእምቡጡን አንገት ይይዛል፣ ብትጠርጉትም በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

እማማ አይተዋት «ምች መትቷታል ልጄ፣ ዳማ ከሴ ጨምቀህ አፍስስባት» አሉኝ። ቆየት ብለው ግን ወደ ኮካቸው ዞር አሉና «ወደዚህ የሚዛመት ከሆነ ግን ትነቀል» አሉ። እንዲያ ሲሉ ዓይናቸው አልቀለደም።

ያኔ ማናችሁም የምታደርጉትን አደረግሁ፤ ስልኬን አወጣሁ። አንድ አፕ ፎቶዋን አይቶ በሽታ አለባት አለኝ፤ ከሌላ አቅጣጫ ባነሳት አቧራ ነው አለኝ። ቲክቶክ ላይ አንዱ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው አመድ፣ አንዱ ደግሞ ኮካ ይላል። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት መልስ ሰጠኝ፣ አራተኛው የሚሸጥ ማሰሮ አለኝ አለ። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ሆና፣ በአንድ ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ፣ የምግብ ዘይትና የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጬ ረጨኋት። እሁድ ጠዋት የቅጠሎቿ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል። ነጩ እንዳለ ነው።

የሚያናድደው ሶዳው ውሸት አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ሶዳና ዘይት በጽጌረዳ ላይ ነጩን ዱቄትም ጥቁሩን ነጠብጣብም እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። ግን መጠኑ ግማሽ በመቶ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። እኔ ዘጠኝ እጥፍ ነው የጨመርኩት፤ የቪዲዮው ልጅ ደግሞ «ትንሽ ሶዳ» ብሎ ነው ያለፈው።

ሰኞ ሥራ ስገባ ዓይኔ ሌላ ነገር አየ። ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ያሉትን አበቦች ጠዋት ጠዋት የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ፤ ለወራት ሳልፋቸው ኖሬ ሥራቸውን አይቼው አላውቅም። ከእነሱ አንዷ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ ቁጥቋጦው ሥር ተንበርክካ ቅጠል በቅጠል እያገላበጠች ታያለች። «እህት፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት። ስልኩን ወስዳ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገችና «የቅጠሉ ሥር ፎቶ የለህም?» አለችኝ። አሥራ ሰባት ፎቶ ነበረኝ። ሁሉም ከላይ የተነሱ ናቸው።

ለካ ሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻ ውስጥ ዓመታት ሠርታለች። ሥራዋ «ስካውት» ይባላል፤ ከመደብ መደብ እየሄዱ፣ ቅጠል እያገላበጡ፣ በሽታ ያለበትን ምልክት አድርጎ መመዝገብ። እኛ አገር የጽጌረዳ ነገር ቀልድ አይደለም። ተቆራጭ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት፣ አብዛኛው ደግሞ ጽጌረዳ ነው፤ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከዝዋይ የሚወጣው አበባ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየበት ገበያ አያገኝም። እኔ ተአምር ያየሁ መስሎኝ የቴሌግራም ሕዝብ ያስቸገርኩበትን በሽታ እነሱ «ፓውደሪ» ብለው በየቀኑ ያሳድዱታል።

የነገረችኝን በራሴ አባባል ልንገራችሁ፣ በኋላ አንብቤ ያገኘሁትንም እየጨመርኩ።

እኔ «በሽታው» ስል የነበረው ሁለት በሽታ ነው፤ ጠባያቸው ደግሞ ተቃራኒ ነው። የክረምቱ ጥቁር ነጠብጣብ ውሃ ይፈልጋል። ቅጠሉ ላይ ካረፈ በኋላ ዘልቆ ለመግባት ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ሐምሌ ውስጥ ይህ ለእሱ ሠርግ ነው። ነጩ ዱቄት ግን የቆመ ውሃ አይፈልግም፤ እንዲያውም ዝናብ ያጥበዋል። እሱ የሚወደው ደረቅ ቀን፣ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ሌሊት፣ የታፈነ አየርና ጥላ ነው። ይህን ስትሉ የአዲስ አበባን ጥቅምትና ኅዳር እየተናገራችሁ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ፣ ቀን ሹራብ ታስወልቃለች፣ ማታ ጋቢ ታስደርባለች። ሦስተኛም አለ፤ ቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፣ የስንዴው ዋግ የሩቅ ዘመድ።

ስለዚህ ማታ ማታ ማጠቤ ምን ነበር? ማጠቡ ራሱ ከንቱ አልነበረም፣ ነጩን ትንሽ ያነሳለታል። ጥፋቱ ማታ መሆኑ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድርና ለጥቁሩ መንገድ ይከፍታል። ጠዋት ቢሆን ፀሐይ ታደርቀው ነበር። ሲጠጣ ደግሞ ውሃው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ዩሪያ ሰጥተሃታል ወይ አለችኝ። አንድ እፍኝ ሰጥቻለሁ። ሳቀች። ዩሪያ ሲበዛ ቀንበጡ ይፋፋል፣ ይለሰልሳል፤ ነጩ ዱቄት የሚፈልገው ለስላሳ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ የገባኝ ግን ይህ ነው፦ እዚህ ጽጌረዳዋ የምትተኛበት ወር የለም፤ ሻጋታውም አይተኛም። ከአሮጌው ቅጠል ወደ ለጋው፣ ከለጋው ወደ እምቡጡ ዓመቱን ሙሉ ይዘላል። በረዶ መጥቶ የሚያቋርጥልን ነገር ስለሌለ የምናቋርጠው እኛ ነን፤ በመቀስ። ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ፣ በደረቅ ቀን።

ያን ሳምንት ከሥራ ቀደም ብዬ እየወጣሁ ቆረጥኩ። የተጠቀለለውን ቀንበጥ ሁሉ፣ የተጣመመውን እምቡጥ፣ ወደ ውስጥ ያደገውንና መሀሏን የደፈነውን ዘንግ። መቀሱን በየቁርጡ በሳኒታይዘር እጠርጋለሁ፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ጠርሙስ ጥቅም አገኘ። የረገፈውን ከአፈሩ ላይ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ብስባሽ ውስጥ መጨመር አይሆንም፤ የቤት ብስባሽ ሻጋታውን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይኖረው ይችላል። የት ላድርገው ስል ቀኑ ራሱ መጣ። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲጨርስ ከተጀመረው ልማድ ጋር፣ እማማ የግቢውን ጥራጊ ሰብስበው ሲያጤሱ የጽጌረዳዋን በሽተኛ ቅጠል ከላይ ጨመርኩበት። ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ነበር፣ ስለዚህ በየሳምንቱ አድርጉት አልላችሁም፤ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች መስጠትም ያው ነው።

ከዚያ ወደ ከባዱ ድርድር ገባሁ። ጽጌረዳዋ ጥግ ላይ የታፈነችው በኮኩ ቅርንጫፍ ነው። እሱ ካልተቆረጠ አየር የላትም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይም የላትም። እማማን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? «ዱባዎን አይነካም» ብዬ ጀመርኩ፤ እውነትም አይነካም፤ ዱባ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ዝርያ ነው። «ኮኩስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። የጽጌረዳው ነጭ ዱቄት በኮክ ላይም የሚገኝ ዝርያ ነው፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገርኳቸው። ለኮኩም የሚሻለው አየር ማግኘት እንደሆነ፣ ቅርንጫፎቹ ከተነካኩ ግን ሁለቱም እንደሚጎዱ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አንዷን ብቻ» አሉ በመጨረሻ። አንዷን ቆረጥኳት። ትልቋን።

መድኃኒቱስ? የእርሻ ግብዓት የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ፎቶ ሳሳይ ሻጩ ሳያመነታ ለድንች የሚሆን ነገር አወጣልኝ። ማንኮዜብ ነው። እሱ ለጥቁሩ ነጠብጣብ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ነጩን ዱቄት ግን አይነካውም፣ ገንዘባችሁን ነው የሚነካው። ደግሞም የአውሮፓ ኅብረት ለጤና አስጊ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ የተወው ነገር ነው፤ ሦስት ሕፃናት ኳስ በሚራገጡበት ግቢ ውስጥ አልረጭም። «ትንሽ ከፈለግህ በሃይላንድ ቀንሼ ልስጥህ» አለኝ ደግሞ። ይህን በፍጹም እሺ እንዳትሉ። ጽሑፍ የሌለበት የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መድኃኒት ልጅ የሚጠጣው ነገር ነው።

የገዛሁት በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ ነው። የድሮ መድኃኒት ነው፤ በአበባ እርሻዎችም ሌሊት ሌሊት ድኝ የሚያተን መሣሪያ ይጠቀማሉ። ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን መጠበቅ፣ ጠዋት በማለዳ መርጨት፣ ማስክና ረጅም እጅጌ ማድረግ ነው። አንድ አደገኛ ነገር አለው፦ ዘይት ከነካው ቅጠል ጋር አይስማማም፣ ያቃጥላል። እኔ ደግሞ በዚያ ቅዳሜ በዘይት አጥቤያታለሁ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

ለመጠበቂያው ወተት ነው የተጠቀምኩት። አትሳቁ፤ አንድ ብራዚላዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ዝኩኒ ላይ በየሳምንቱ የላም ወተት ረጭቶ ነጩን ዱቄት እንደሚቆጣጠር አሳትሟል። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ። የመጀመሪያውን ስረጭ ማንም አላየኝም። ሁለተኛው ግን የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነበር። እማማ ወተቱን እጄ ላይ አይተው ቆሙ። «በጾም? ለማን ነው?» «ለአበባዋ ነው እማማ።» ትንሽ አሰቡና «እሷስ ክርስቲያን አይደለችም?» አሉኝ። ግቢው ውስጥ በዚያ ጾም ፍስክ የበላች እሷ ብቻ ናት። ነጩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ቆመ፤ አዲስ ቅጠል ላይ መውጣቱን ተወ።

እናቴ የመጣችው ኅዳር 21 ነው፣ ለጽዮን ማርያም ቂርቆስ ሰፈር ዘመድ ጋ ጽዋ ነበራት። በአንድ ቀን ቀድሜ ድኙን ረጭቻለሁ፣ ግን ቀድሜ የምደብቀው ነገር አልነበረም። በአበባው ወር ያየኋት የምትመስላት ጽጌረዳ ግማሿ የለም። አበባ የለም፣ እምቡጥ የለም፣ የተቆረጡ ዘንጎች ናቸው ያሉት። ስለ ሐምሌውም፣ ስለ ሶዳውም፣ «ደህና ናት» ስላልኩባቸው ስልኮች ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለችና በጣቷ አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። ማንም አላስተማራትም። «ታማ ነበር አትለኝም?» አለች። ቁጣ ነው ስል «ወገቧን ልቀቅላት፣ ታወጣለች» ብላ ከተቆረጡት ዘንጎች በታች ያበጡትን ዓይኖች አሳየችኝ። እኔ ሞተዋል ብዬ ያለፍኳቸው ናቸው።

ከመሄዷ በፊት ከታች ካለው ንጹሕ ዘንግ የእርሳስ ውፍረት ያለው ሦስት ቁራጭ ወሰደች። ካዛንቺስ ያኔ ከጎረቤት እንደወሰደችው። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የቀለም ባልዲ ሥሩን በስታ፣ በረንዳው ላይ አድርጋቸዋለች። ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት፣ ፀሐይ ከጠዋት የሚመታው በረንዳ ነው፤ ስለ አየር ምን እንደምነግራት ሳስብ እሷ ቀድማኛለች።

ድኙን በየአሥር ቀኑ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አሁን ታኅሣሥ እየተገባደደ ነው። ከእማማ ኮክ በኩል ጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ከወገቧ አምስት ቀንበጥ ወጥቷል፣ ቀይ ቀይ፣ ቀጥ ያለ። በአንደኛው ላይ እምቡጥ አለ። አንገቱ ላይ ትናንት የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር አየሁ፤ ጠረግኳት፣ ነገ ደግሞ አያታለሁ።

ማታ እናቴ ደወለች። «እሷስ እንዴት ናት?» አለች። «አሟት ነበር፣ እየተሻላት ነው» አልኳት። «የእኔዎቹም ሁለቱ ቀንበጥ አወጡ፣ አንዱ ደረቀ» አለችኝና ስልኩን ዘጋች። ወዲያው በቴሌግራም ፎቶ ገባ። ስልኩ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ፣ የቅጠል ሥር ፎቶ ነው።